ፍሬኑን ያስተነፈስንበት ሳምንት

ያ ጭነት መኪና የሚቆመው በባለቤቴ እግር ብቻ ነበር። ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም። ባለቤቴ ረጅም ሰው ነበር፤ ፍሬን ሲይዝ ወገቡን ከወንበሩ ጀርባ ጋር አጣብቆ፣ ጉልበቱን ቀጥ አድርጎ፣ በሙሉ ክብደቱ ነበር የሚጫነው። ከጢቾ ገብስ ጭነን ስንመጣ ቁልቁለቱ ላይ አጠገቡ እቀመጥ ነበር፤ የጭኑ ጅማት ሲገተር በሱሪው ላይ ይታየኛል። አንድ ጊዜ እኔም ግቢ ውስጥ ሞክሬ ነበር። በሁለት እግሬ ቆሜበት እንኳ መኪናው ቀስ እያለ ሄዶ አጥሩን ገፍቶ ነው የቆመው። ባለቤቴ ዕንባው እስኪመጣ ሳቀብኝ፤ ከዚያ አጥሩን ራሱ ጠገነው።

እሱ ካረፈ በኋላ መኪናው ከባሕር ዛፎቹ ሥር ቆሞ ቀረ። ጎማዎቹ ቀስ በቀስ ተነፈሱ። ዶሮዎቼ ጋቢናው ሥር እንቁላል መጣል ጀመሩ። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ጠዋት ወጥቼ ከሰዓት እመለሳለሁ፤ ስወጣም ስገባም አየዋለሁ። እሱ በሕይወት እያለ የጀመርኩትን የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ ሥልጠና ግን አላቋረጥኩም። ለምን እንዳላቋረጥኩ የጠየቀኝም የለም፤ ሐዘንተኛን ሰው ብዙ አይጠይቅም። በአሠልጣኞቹ መኪና ተፈትኜ አለፍኩ።

በሙት ዓመቱ ዕለት፣ እንግዳው ሲበተን፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

"እቴቴ፣ ብረት ቆሞ ይበላሻል። ደህና ገዢ አግኝቻለሁ" አለኝ።

"አይሸጥም። እኔ እነዳዋለሁ።"

ሳህን የሚሰበስቡት ሴቶች እጃቸው ቆመ። እሱ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠግቶ፣ "መንጃ ፈቃድሽን አላጣጥልም። ግን ያ ፍሬን አንቺን አይሰማም። እኔ አንድ ወንድሜን ቀብሬያለሁ። አንቺን ደግሞ ከገደል ሥር ላወጣ አልችልም" አለ።

ክፋት የለበትም። ስለዚህ አልተቆጣሁትም። ተከራክረን ተከራክረን በአንድ ነገር ተስማማን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ተመልሶ ይመጣል። እኔ ራሴ ነድቼ ቁልቁለት ላይ ካቆምኩት መኪናው ይቀራል። ካላቆምኩት ገዢው በዚያው ዕለት ይወስደዋል።

ከእኛ ሦስት ቤት አልፎ የሚኖሩ አዛውንት መካኒክ አሉ። ሰፈሩ በሙሉ ሀጂ ይላቸዋል። ጋራዡን ለልጆቻቸው ትተው ጠዋት ጠዋት ከበራቸው ፊት ፀሐይ ይሞቃሉ። በማግስቱ ሄድኩ።

"ሀጂ፣ የመኪናውን ፍሬን ለእኔ እግር እንዲሆን ማድረግ ይቻላል?"

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "እግርሽን ማስረዘም ይቀላል" አሉ።

ቢሆንም ተነሥተው መጡ። ካፖርታቸውን አውልቀው ባሕር ዛፉ ላይ ሰቀሉና ከመኪናው ሥር ገቡ። ለረጅም ጊዜ የማየው ጫማቸውን ብቻ ነበር። ከዚያ ድምፃቸው መጣ።

"የዚህ መኪና ነገር እንደ በቆጂ ልጅ ነው፤ መሮጥ እንጂ መቆም አልተማረም። ቲቸር፣ ይህ ፍሬን አሮጌ ዓይነት ነው። እግርሽ የሰጠውን ብቻ ነው ለጎማው የሚያደርሰው። በአዳዲሶቹ ላይ ሰርቮ የሚባል ዕቃ አለ፤ ይህን የሚያህል ክብ ቆርቆሮ። በሞተሩ ኃይል በእግርሽ ላይ ጉልበት ይጨምራል። አንቺ አንድ ስትረግጪ እሱ ሦስት ይረግጥልሻል።"

"እንግጠመዋ!"

"ቦታ አልተሠራለትም እኮ። ብረት መበየድ አለ፤ ቱቦ ማጠፍ አለ። ዘይቱን የሚገፋውን ማስተርም አብሮ መቀየር ነው።"

"ሦስት ሳምንት አለን።"

ከሥር ብቅ ብለው መነጽራቸውን አስተካከሉ። "ፈተና ያለበት ተማሪ ትመስያለሽ።"

"አለብኝ" አልኳቸው፤ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ያን ቅዳሜ አሮጌውን ማስተር በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ በሚኒባስ አዳማ ወረድኩ። የፍሬን ዘይቱ ጋዜጣውን አልፎ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ፤ ቀሚሱ ጥቁር ስለሆነ አልታየም። የመለዋወጫ ሱቁ ሻጭ የያዝኩትን ሲያይ፣ "ማዘር፣ ይሄ እኮ የመኪና ዕቃ ነው" አለኝ። "አውቃለሁ ልጄ፣ የወፍጮ አልመሰለኝም" አልኩት። ከዚያ በኋላ ወንበር ሰጠኝ። ሰርቮውን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ሲያስቀምጠው ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ጥቁር፣ ድንቡሽ ያለ፣ የትንሽ ድስት ክዳን የሚያህል ነገር። በመመለሻዬ አብሮኝ የተቀመጠው ሰው ምን እንደያዝኩ ቢጠይቀኝ እስከ ኢተያ ድረስ ሳስረዳው መጣሁ።

ለአንድ ዓመት ያህል ጠዋት ስነቃ የምነሣበትን ምክንያት ስፈልግ ነበር የኖርኩት። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ግን ዓይኔን ስገልጥ ከአልጋዬ ወርጄአለሁ። ብየዳው አለቀ። አዲሶቹ የመዳብ ቱቦዎች ታጥፈው ገቡ። ማስተሩና ሰርቮው ቦታቸውን ያዙ፤ ጎማዎቹም ተነፉ። ከትምህርት ቤት ስመለስ የቤቱን በር ሳልከፍት መጀመሪያ መኪናው ሥር አጎንብሼ አያለሁ። ታላቅ እህቴ ለሙት ዓመቱ ከደብረ ብርሃን መጥታ፣ "ይህን ጉድ ሳላይማ አልሄድም" ብላ ቀርታ ነበር። እሷም ቀሚሷን ወደ ላይ አስራ ሥራ ገባች።

የመጨረሻው ሳምንት ረቡዕ የጎማዎቹን ፍሬን ሸራ አደስን። ሸራው በሁለት ጫማ መሰል ብረቶች ላይ ይለጠፋል፤ ፍሬን ሲረገጥ ከውስጥ ተከፍቶ ታምቡሩን፣ ማለት ከጎማው ጋር የሚዞረውን ከበሮ መሰል ብረት፣ ጭምቅ አድርጎ ይይዛል። ሦስቱን ጎማ ጨርሰን የፊት ቀኙ ቀረ። እኔ ውኃ ላመጣ ጓሮ ሄጄ ነበር። ስመለስ የአስር ሶላት ደርሶ ሀጂ እጃቸውን እየታጠቡ ነው። እህቴ ለጎማው ኩሽኔታ የመጣውን የግሪስ ጣሳ ይዛ፣ ጣቶቿን በጨርቅ እየጠረገች፣ ሥራዋን የጨረሰች ሰው መስላ ቆማለች።

"ታምቡሩን ብቻ እናንተ ግፉት፤ የጎማውን ዳዶ መጥቼ አጠብቃለሁ" ብለውን ሄዱ።

ሁለታችን ተጋግዘን ያን ከባድ ብረት ቦታው አስገባነው። ሸራው ያብረቀርቅ ነበር። አዲስ ነገር ነው ብዬ አለፍኩት።

ሐሙስ ከሰዓት ፍሬኑን ማስተንፈስ ጀመርን። አዲስ ቱቦ ሲገባ አየር አብሮ ይገባል። ዘይት ሲገፉት ይገፋል፤ አየር ግን ሲገፉት ይጨመቃል፤ ስለዚህ እግር የሚረግጠው ባዶ ነገር ይሆናል። ማስተንፈስ ማለት አየሩን በዘይት እየገፉ በየጎማው ጀርባ ባለች ትንሽ ብሎን ማስወጣት ነው። ሀጂ ከሥር ተኝተዋል። ከብሎኗ ላይ የግሉኮስ ቀጭን ላስቲክ ሰክተው ጫፉን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ነክረዋል። እህቴ አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ ጠርሙሱን ይዛለች። እኔ ጋቢና ውስጥ ነኝ።

"ርገጪ! ልቀቂ! ርገጪ! ልቀቂ! ርገጪ! አሁን ያዢ!"

"ይዣለሁ!"

ብሎኗን ሲከፍቱ ፍሬኑ ከእግሬ ሥር ቀስ ብሎ ይሰምጣል። እስኪዘጉ ድረስ መልቀቅ የለም፤ ከለቀቅኩ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል።

"ወጣ! ወጣ! እንደ ለስላሳ እየፈላ ነው!" እህቴ እንደ ኳስ ጨዋታ አስተላላፊ ትጮሃለች። "አንድ ትልቅ! ሁለት ትናንሽ! ኧረ ሌላ ትልቅ መጣ!"

ችግሩ እኔ ጋ ነበር። ወንበሩ ባለቤቴ እንደተወው ነው፤ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተስቦ። ሀጂ ገና በመጀመሪያው ቀን ወደ ፊት እንሳበው ብለውኝ፣ "ይቆይ፣ ትራስ አደርጋለሁ" ብያቸው ነበር። ከጀርባዬ ሁለት ትራስ ደርድሬያለሁ። አራተኛው "ያዢ" ላይ ትራሱ ተንሸራተተና ተረከዜ አመለጠ። ከሥር ላስቲኳ ዘይቱን ስትመልስ ሽር ስትል ሰማኋት።

"ለቀቀች!" አለች እህቴ።

እንደገና ጀመርን። እንደገና አመለጠኝ። ሀጂ ከሥር ወጥተው በጋቢናው በር በኩል አዩኝ። አልተቆጡም።

"ቲቸር፣ ትራስ ፍሬን አይዝም።"

ስለ ምን እንደሚያወሩ ሁለታችንም እናውቃለን። ወረድኩ። የወንበሩ ማንሻ ዝጎ ነበር፤ ትንሽ ዘይት አፍስሰው በመዶሻ እጀታ መታ መታ አደረጉት። "አንቺው ሳቢው" ብለው ዞር አሉ። እህቴም ዞር አለች። ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ሳብኩት። መጀመሪያ አልንቀሳቀስ አለ፤ ከዚያ ጓ ብሎ አንድ ጥርስ መጣ። ሁለት። ሦስት። አራት። ወለሉ ላይ ወንበሩ ተሸፍኖት የነበረ ንጹሕ ቦታ ወጣ፤ የሩቅ ጊዜ ቀለሙ አልደበዘዘም። ጥቂት አየሁት። ከዚያ ወጥቼ ተቀመጥኩ፤ እግሬም ደረሰ።

"ርገጪ!" አሉ ሀጂ፤ ከሥር ገብተዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ አልነበረም፤ ጨዋታ ነበር። ከኋላ ቀኝ ወደ ኋላ ግራ፣ ከዚያ ወደ ፊት። በየዙሩ ፍሬኑ ከእግሬ ሥር እየጠነከረ፣ እየጠነከረ መጣ። መጨረሻ ላይ ስረግጠው ግማሽ መንገድ ሄዶ ድንጋይ ሆነ። ሞተሩ ሲነሣ ደግሞ ሰርቮው ሥራውን ጀመረና ያ ድንጋይ በቀስታ እሺ አለኝ። ልክ አንድ ሰው እጁን በእግሬ ላይ ጭኖ አብሮኝ እንደሚገፋ። መሪውን ይዤ ጮህኩ፤ ምን ብዬ እንደጮህኩ አላስታውስም።

ዓርብ ጠዋት ክፍል አልነበረኝም። ግቢ ውስጥ ልንሞክረው ሀጂ ተጠሩ። በአንደኛ ማርሽ ከባሕር ዛፎቹ ሥር አወጣሁት፤ ትንሽ ፍጥነት ሰጥቼ ረገጥኩ። መኪናው መቆሙንስ ቆመ፤ ግን ወደ ግራ ታጥፎ የጎመን መደቤን በሁለት ጎማ አርሶት ነው።

"መሪውን አልነካሁትም!" አልኩ።

ደገምኩት። ወደ ግራ። የቀረው ጎመንም ሄደ። ቁልቁለት ላይ ተጭኖ እንዲህ ካደረገ የሚታጠፈው ወደ ጎመን አይደለም። የቀረን አንድ ቀን ነው። ሀጂ ፊታቸው ጠቆረ። "ግራው ይይዛል፤ ቀኙ አይዝም። ግን ለምን? አየሩ ወጥቷል፤ በዓይናችን አይተናል።" የፊት ቀኙን ጎማ ፈቱ። ታምቡሩን ጎትተው ሲያወጡት ሁላችንም አየነው፤ ሸራው በሙሉ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በወፍራም ግሪስ ተለስኗል። ግሪስ የነካው ሸራ ደግሞ ቅቤ እንደያዘ እጅ ነው።

"ላ ኢላሀ ኢለላህ!" አሉ ሀጂ። "ይህን ማን ቀባው?"

"እኔ ነኛ!" አለች እህቴ፤ ኩራት አለባት። "ያዘዙኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

"እኔ?!"

"እዚያ ጋ ተንበርክከው፣ ‘ቀቢ! ቀቢ! ቶሎ ቀቢ!’ እያሉ ሲጮሁብኝ። እርስዎ ወደ ዕቃ ሣጥኑ ሲዞሩ ጥግ ጥጉን ሳይቀር ነው የቀባሁት።"

መጀመሪያ የገባኝ እኔ ነበርኩ። ሀጂ ሲቸኩሉ ሳያውቁት ወደ ኦሮምኛ ይሻገራሉ። በኦሮምኛ "ቀቢ" ማለት "ያዢ" ማለት ነው። ሸራው የተለጠፈበት ብረት ከእጃቸው ሊያመልጥ ሲል እንድትይዝላቸው ነው የለመኗት። እሷ የደብረ ብርሃን ልጅ፣ የግሪስ ጣሳ በእጇ፣ ቀቢ ስትባል ምን ታድርግ?

"ያዢ ነው ያልኩሽ! ያዢ!" አሉ ሀጂ።

"በየትኛው አፍዎ?"

"በኦሮምኛ!"

"ታዲያ በኦሮምኛ መቀባት ሲፈልጉ ምን ይላሉ?"

"ዲቢ!"

"እሱን አላሉኝማ!" አለች እህቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። "ይበሉ፣ እግዜር ያሳይዎ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ስንት ቀቢ ልወቅ?"

ሀጂ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱና ሳቅ ቀደማቸው። እኔ የተቀጠቀጠው ጎመን ላይ ቁጭ አልኩ። ከቀብሩ ወዲህ እንዲያ ስቄ አላውቅም። ሆዴን ይዤ፣ ትንፋሽ አጥሮኝ፣ ዕንባዬ እየወረደ። በአጥር የምንዋሰናት ጎረቤታችን ለቅሶ መስሏት ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየሮጠች ገባች። "ምነው? ማን ሞተ?" ስትል እህቴ፣ "ጎመኑ" አለቻት። ያን ጊዜ ጭራሽ አለቅን።

ሀጂ ግን ዓይናቸውን ጠርገው ወደ ቁም ነገሩ ተመለሱ። በቤንዚን አጥበን በብርጭቆ ወረቀት ብንፈገፍገው አይበቃም ወይ አልኳቸው። "ለሌላ ሰው ቢሆን አደርገው ነበር" ካሉ በኋላ ራሳቸውን ነቀነቁ። "አይ፣ ለሌላም ሰው አላደርገውም። ከጁምዓ መልስ ልጆቼ ጋር ወስጄ ሌላ ሸራ አስመታለሁ።" ታምቡሩን እኔና እህቴ በቤንዚን ሦስት ጊዜ አጠብነው። እህቴ ግሪሱን ራሷ ወስዳ ዶሮ ቤቱ ውስጥ ዘጋችበት። ማታ ሳይመሽ አዲሱ ሸራ ገባ፤ ግቢው ውስጥ ስረግጠው መኪናው ቀጥ ብሎ ቆመ። ያም ሆኖ ግቢ ቁልቁለት አይደለም።

ቅዳሜ ዋርሳዬ፣ የባለቤቴ ወንድም፣ ብቻውን መጣ። ገዢው መናኸሪያው አጠገብ ቁርስ እየበላ ስልኩን ይጠብቃል። ዋርሳዬ ሰርቮውን አየ፤ ቱቦዎቹን በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ፣ "ባዶውን አይሆንም" አለ። ለአጥር መሠረት ያስመጣነውን ድንጋይ ጎረቤት ተጠርቶ ግማሽ ጭነት ተጫነ። ሀጂ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ዞረው አዩና ለእኔ ሳይሆን ለመኪናው ቢስሚላሂ አሉለት። እህቴ አማተበች።

ከከተማው ወደ አዳማ የሚወጣው መንገድ ላይ፣ ቁልቁለቱ ከሚጀምርበት ደረስን። ዋርሳዬ እኔ ለዓመታት የተቀመጥኩበት ቦታ ላይ ተቀምጦ፣ እጁን እኔ በማደርግበት በር እጀታ ላይ አድርጎ፣ ልክ እንደ እኔ እግሩን ወለሉ ላይ ተክሏል። መኪናው የድንጋዩን ክብደት ይዞ መውረድ ጀመረ። ሁለተኛ ማርሽ። ሦስተኛ። የስንዴ ማሳዎቹ በሁለቱም በኩል መሮጥ ጀመሩ።

"አሁን" አለ።

ረገጥኩ። አፍንጫው ወደ መሬት ጎንበስ አለ፤ ከኋላ ድንጋዩ ተንኳኳ፤ ቆመ። ቀጥ ብሎ፣ በመንገዱ ልክ።

ዋርሳዬ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ጎማዎቹን አየ። "እንደገና" አለ። "አንዴ በዕድልም ይሆናል።"

እንደገና። ቆመ። "እንደገና።" ቆመ። አራተኛውን እሱ አላዘዘውም። ከግራ በኩል ካለው ማሳ መንገድ ጋሪ ድንገት ብቅ አለ። ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም፤ እግሬ ከእኔ ቀድሞ ወረደ። መኪናው ከፈረሱ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆመ። ፈረሱ ጆሮውን አቁሞ አየን።

ባለጋሪው ጅራፉን አነሣብኝ። "ሴትዮ! ፈረሴን ልትበዪው ነው?"

"ቆሜልህ የለም እንዴ!" አልኩት በመስኮት።

"ባትቆሚስ ኖሮ?"

"ቆሜያለሁ እኮ ነው የምልህ!" ድምፄ ለራሴም ገረመኝ። ለጠብ አልነበረም፤ ለሰው ሁሉ መናገር አምሮኝ ነበር።

ባለጋሪው እያጉረመረመ አለፈ። ዋርሳዬ በእጁ ፊቱን ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። የደነገጠ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀ ነው። ወይም ሁለቱንም። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

"ወንድም፣ በቃ ቁርስህን ጨርሰህ ወደ ቤትህ ግባ። … አይ፣ አይሸጥም። … ባለቤቱ እየነዳችው ነው።"

ስልኩን ኪሱ ከተተና፣ "በይ እንመለስ" አለኝ።

"የት ላዙረው?"

መንገዱ ጠባብ ነው፤ መኪናው ተጭኗል፤ ማዞሪያ አልነበረም። ወረድን። አንድ መታጠፊያ አለፍን፤ እዚያም አልተመቸንም። እውነቱን ለመናገር ሁለተኛው ላይ ይመች ነበር፤ አላየሁትም አልኩት። ፍሬኑን ትንሽ እነካዋለሁ፣ ይታዘዛል፤ እለቀዋለሁ፣ ይሄዳል። ቁሉምሳ ስንደርስ ሀጂ ደወሉ። እህቴ ከኋላቸው፣ "ወድቀው ነው! ወድቀው ነው!" ስትል ይሰማል። ዋርሳዬ ስልኩን ወደ እኔ አስጠጋው።

"ደህና ነን ሀጂ! ቁሉምሳ ነን!"

"ቁሉምሳ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ማዞሪያ አጥቼ!"

ሀጂ ዞረው ለእህቴ፣ "ደህና ናቸው" አሉ። ከዚያ፣ "ሞተሩን አታጥፊ፣ ሲመለስ ዳገት ነው" ብለው ዘጉ።

ሰፊ ሜዳ አግኝቼ አዞርኩት። ዋርሳዬ ላቡን እየጠረገ፣ "እና ከዚህ በኋላስ ምን አሰብሽ?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ለሚመጣው ቅዳሜ ጭነት ፈልግልኝ።"

"ከየት?"

"ከጢቾም ቢሆን፣ ከጮሌም ቢሆን" አልኩት። "ብቻ ቁልቁለት ይኑረው።"